“ልጁ ስንት ኪሎ ነው?” የሚል ጠፋ!

ከጎንደር ተነስቶ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት አድርጎ ደባርቅ በሚገባው መንገድ ዳር መድኃኒት የሚሸጥበት በር ሞልቷል። የጤፍ ሚዛን አለ፣ የበርበሬ ሚዛን አለ፣ የገብስና የባቄላ ሚዛንማ ስንቱ! የሕፃን ሚዛን ግን እኔ በገባሁባቸው መድኃኒት ቤቶች አላየሁም። ለሕፃን የሚሰፈርለት በዓይን ግምት ነው። “ስንት ዓመቱ ነው?” ይባላል፣ “ለጥምቀት ሁለት ይደፍናል” ትላለች እናት፣ ጠርሙሱ ከመደርደሪያው ይወርዳል፣ ብር ይቆጠራል። አለቀ ደቀቀ!

ሐኪም አይደለሁም። ነገር ግን የአገሬ ልጆች ምን እየዋጡ እንደሆነ ለመጠየቅ የሐኪም ወረቀት ማንጠልጠል የሚያስፈልግ አይመስለኝም። የዛሬው ጉዳዬ አንቲባዮቲክ የሚባለው ነው፤ አሞክሳሲሊኑ፣ አምፒሲሊኑ፣ ሰዉ ባክትሪም የሚለው ኮትሪሞክሳዞል፣ ቴትራሳይክሊኑ፣ በመርፌ የሚሰጠው ሴፍትሪያክሶንና ጄንታማይሲን። እነዚህ መድኃኒቶች ባይኖሩ ኖሮ ስንቱ ልጅ በሳንባ ምች እንደሚቀጠፍ የሚያውቅ ሁሉ ያመሰግናቸዋል። እኔም አመሰግናቸዋለሁ። ጥያቄዬ ለማን፣ በማን እጅ፣ ስንት ተሰፍሮ የሚለው ነው።

ባለፈው ክረምት ዳባት ገበያ ውዬ ዝናብ ሲመጣ ከአንድ መድኃኒት ቤት በረንዳ ስር ተጠለልኩ። ስሙን አልጠራም፤ ብጠራውም ከጎረቤቶቹ ተለይቶ የሠራው ኃጢአት የለም። ዝናቡ እስኪያባራ አራት እናቶች ገብተው ወጡ። አንዷ ልጇን አዝላ፣

“ዶክተር፣ ለልጅ የሚሆን የሳል ሽሮፕ ስጡኝ፤ ያን ቀዩን” አለች።

“የቀዩ ይሻልሻል ወይስ የዱቄቱ እህቴ?”

“ባለፈው ያሻለው የዱቄቱ ነው። እሱን አርጉልኝ።”

የዱቄቱ ማለት በውኃ የሚበጠበጠው አሞክሳሲሊን ነው። “ዶክተር” የተባለው ልጅ ዶክተር አይደለም፤ እሱም አላለም፣ እናትየውም አልጠየቀችም። ጠርሙሱን ሰጣት፣ “ጧትና ማታ አንዳንድ ማንኪያ” አላት፣ ሄደች። ልጁ ከጀርባዋ እንዳለ ነው የታከመው! ደረቱን ገልጦ ያየ የለም፣ ትንፋሹን የቆጠረ የለም፣ የመዘነውማ ከየት መጥቶ!

ትንፋሽ መቆጠሩን ዝም ብዬ አላነሳሁትም። ሳል ጉንፋን ይሁን የሳንባ ምች የሚለየው ብዙውን ጊዜ በዚሁ ነው። ዕድሜው ከ2 ወር እስከ 12 ወር የሆነ ሕፃን በአንድ ደቂቃ 50 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ፣ ከ1 ዓመት እስከ 5 ዓመት ያለው ደግሞ 40ና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ፣ ወይም ሲተነፍስ የደረቱ የታችኛው ክፍል ወደ ውስጥ ከገባ፣ የሳንባ ምች ነው ተብሎ ይታከማል። ከ2 ወር በታች ከሆነማ መለኪያው 60 ነው፤ ያ ሕፃን መድኃኒት ቤት ደጃፍ መቆም የለበትም፣ በቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያ ነው። ይኼን ለማወቅ የሚያስፈልገው ሰዓትና አንድ ደቂቃ ትዕግሥት ነው። ጉንፋን ከሆነ አንቲባዮቲክ ምንም አይሠራለትም። ተቅማጥም ደም የሌለው ከሆነ የሚያድነው ኦ.አር.ኤስና ዚንክ ነው እንጂ ካፕሱል አይደለም። በዚያች የዝናብ ሰዓት ካየኋቸው አራት እናቶች አንዲቷ ለተቅማጥ ነበር የመጣችው። ዱቄቱን ይዛ ሄደች።

እዚህ ላይ “የተማረው” ወገናችን እናቶቹን ለመውቀስ ይቸኩላል። አላዋቂነት ነው፣ ኋላ ቀርነት ነው ይላል። እንጥል ማስቆረጥና ግግ ማስወጣት ጎጂ ልማድ ነው እየተባለ ስንት ስብሰባ ተጠርቷል! ትክክል ነው፣ ጎጂ ነው። ስለ ጠርሙሱ ግን በቀበሌ ስብሰባ ሲነሳ ሰምቼ አላውቅም። ያቺ እናት እኮ ሞኝ አይደለችም። ባለፈው ጤና ጣቢያ ሄዳ፣ ግማሽ ቀን ተሰልፋ፣ በመጨረሻ “መድኃኒቱ የለም፣ ከውጭ ግዢ” የሚል ብጣሽ ወረቀት ከተሰጣት፣ በሚቀጥለው ጊዜ ሰልፉን ዘልላ በቀጥታ “ከውጭ” ብትሄድ ምኑ ነው ስሕተቱ? እኔም ብሆን የማደርገው ነው።

ደግሞ ሌላው ጎን አለ። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው የሳንባ ምች ምልክት ከታየባቸው የአገራችን ሕፃናት ሕክምና ፍለጋ የተወሰዱት ከሦስት አንዱ ገደማ ናቸው። ሁለቱ እቤት ቀርተዋል ማለት ነው! በዚያው ጥናት በአማራ ክልል ከ1,000 ሕፃናት 67ቱ ዓመት ሳይሞላቸው፣ 85ቱ ደግሞ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። እንግዲህ አስተውሉ፤ ጉንፋን የያዘው የከተማ ዳር ልጅ አሞክሳሲሊን ይጋታል፣ ከመንገዱ ርቆ ቆላ ወርዶ ወይም ከጃን አሞራ ማዶ የሳንባ ምች ያጣደፈው ልጅ ያንኑ አሞክሳሲሊን አጥቶ ይሞታል። ያው አንድ ጠርሙስ ነው፤ ለማያስፈልገው ደረሰ፣ ለሚያስፈልገው ራቀ።

ስለ ጉዳቱ ላውራ። ሕፃን ትንሽ የሆነ ትልቅ ሰው አይደለም። ጉበቱም ኩላሊቱም ገና አልጠናም፤ መድኃኒቱን ፈጭቶ ለማስወጣት የአዋቂ አቅም የለውም። ይኼን ዓለም የተማረው በሬሳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1937 አሜሪካ ውስጥ ሰልፋኒላማይድ የተባለውን የያኔ ተአምረኛ መድኃኒት ልጆች እንዲጠጡት ብለው ጣፋጭ ፈሳሽ ውስጥ አሟሙተው ሸጡት። ማሟሚያው መርዝ ነበር። ከ100 በላይ ሰው፣ ልጆችም ጭምር፣ ኩላሊታቸው ተዘግቶ አለቁ፤ በዓመቱ አሜሪካ የመድኃኒት ሕጓን ለወጠች። “ያ ዱሮ ነው” እንዳትሉኝ፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ጋምቢያ ውስጥ ከ60 በላይ ሕፃናት የሞቱት ያው መርዝ የተቀላቀለበት የሳልና የጉንፋን ሽሮፕ ጠጥተው ነው። አንቲባዮቲክ አልነበረም፤ ግን ሽሮፕ ነበር፣ ድንበር ተሻግሮ የገባ፣ ማንም ያልመረመረው ሽሮፕ።

እ.ኤ.አ. በ1959 ደግሞ ክሎራምፌኒኮል የተሰጣቸው አዲስ የተወለዱ ሕፃናት ሰውነታቸው አመድ መስሎ፣ ሆዳቸው ተነፍቶ እንደሚሞቱ ታወቀ። ጉበታቸው መድኃኒቱን ማብረድ አቅቶት ነው። ሐኪሞቹ ለክፉ ብለው አልሰጡም፤ መጠኑን ከትልቅ ሰው ቀንሰው ሰፍረውት ነበር።

ቴትራሳይክሊንም አለ። ስምንት ዓመት ላልሞላው ልጅ ደጋግሞ ቢሰጥ በማደግ ላይ ካለው ጥርስ ጋር ይጣበቅና ዕድሜ ልክ የማይለቅ ቡናማ ያደርገዋል። (የዓይን ቅባቱ ሌላ ነገር ነው፣ ለአራስም ይቀባል።) ባክትሪም ለአራስ ሲሰጥ ወፍ የሚያመጣውን ቢጫ ነገር ከደም ውስጥ አላቆ ወደ አንጎል ሊሰደው ይችላል። ጄንታማይሲን መጠኑ ሲበዛ ወይም ሲራዘም ጆሮን ያደነቁራል፣ ኩላሊትን ይጎዳል። አራስን የሚያድነውም ጄንታማይሲን መሆኑ ነው ነገሩን የሚያከብደው! ሴፍትሪያክሶን ካልሲየም ካለበት የደም ሥር ፈሳሽ ጋር በአራስ ሰውነት ሲገናኝ እንደ አሸዋ ረግቶ ሳንባና ኩላሊት ውስጥ ይቀመጣል። ፔኒሲሊን የማይስማማው ልጅ በደቂቃዎች ውስጥ ተዝለፍልፎ ሊወድቅ ይችላል። ባገራችን ግን “መርፌ ካልተወጋማ ምኑን ታከመው” የሚል እምነት አለ፤ ይኼንን እምነት የማያስተካክል፣ እንዲያውም የሚነግድበት ባለ መርፌም አለ።

ይኼን የዘረዘርኩት እናት እንድትፈራ አይደለም። በሐኪም ትእዛዝ፣ በኪሎ ተሰፍሮ፣ ለታወቀ በሽታ ሲሰጥ አሞክሳሲሊን ለሕፃን ከሚሰጡት መድኃኒቶች ሁሉ የተፈተነና የታመነ ነው። ብዙ ጊዜ የሚያደርሰው ተቅማጥ ወይም ሽፍታ ነው። የሳንባ ምች ለያዘው ልጅ ደግሞ ከሁሉ የከፋው አንቲባዮቲክ ያልተሰጠው ነው።

ወደ ጠርሙሷ ልመለስ። ዱቄቱን ለመበጥበጥ ውኃ መፈላት አለበት፣ መቀዝቀዝ አለበት፣ ጠርሙሱ ላይ እስካለው ምልክት ልክ መሞላት አለበት። ውኃው ከምልክቱ ካለፈ መድኃኒቱ ቀጠነ፣ ካነሰ ወፈረ። ከተበጠበጠ በኋላ ፍሪጅ በሌለበት ቤት ከሳምንት በላይ አይቆይም። “ማንኪያ” የተባለውስ የትኛው ማንኪያ ነው? መድኃኒቱ 5 ሚሊ ሊትር ያለው የመድኃኒት ማንኪያ ነው፣ የወጥ ማንኪያ ግን እጥፍም ከዚያም በላይ ይይዛል። ጠርሙሱም አንድ ዓይነት አይደለም፤ በ5 ሚሊ ሊትር 125 ሚሊ ግራም ያለው አለ፣ 250 ያለው አለ፣ ካርቶናቸው ወንድማማች ይመስላል። ጽሑፉ ደግሞ በእንግሊዝኛ ነው! ልጁ በሦስተኛው ቀን ሲሻለው የተረፈው ተከድኖ ለታናሽ እህቱ ይቀመጣል። ይኼ ስስት አይደለም፣ ቁጠባ ነው፤ ድሃ እንዲህ ነው የሚኖረው። ግን ጀርሙም የሚማረው እንዲህ ነው። ያልሞተው ጀርም መድኃኒቱን ተላምዶ ከልጅ ወደ ልጅ ይሄዳል።

ለዚህ መላ የለውም እንዳይባል፣ ተገኝቷል። በትንሽ ውኃ ወይም በእናት ጡት ወተት የሚሟሟ ባለ 250 ሚሊ ግራም የአሞክሳሲሊን እንክብል አለ። ፍሪጅ አይፈልግ፣ የወጥ ማንኪያ አይፈልግ። በልጁ ክብደት አንድ፣ ሁለት ወይም ሦስት ይቆጠራል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቻችን የሕፃናትን የሳንባ ምች በቀበሌያቸው እንዲያክሙ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ ተፈቅዶላቸዋል፤ መጀመሪያ በኮትሪሞክሳዞል ነበር፣ በኋላ በዚሁ እንክብል ሆነ። እ.ኤ.አ. ከ2013 ወዲህ ደግሞ በጠና የታመመ አራስ ወደ ላይ መላክ ካልተቻለ ጄንታማይሲን እንዲወጉ ሠለጠኑ። ወረቀቱ ላይ ግሩም ነው! ለ5,000 ሕዝብ ሁለት ሴቶች ተመደቡ። የስብሰባው ሪፖርት፣ የቤተሰብ መዝገቡ፣ የማዳበሪያ ቅስቀሳው፣ የመዋጮው ሁሉ በእነሱው ጫንቃ ነው። ጤና ኬላው ደግሞ እንክብሉ ሲኖረው አለው፣ ሲያልቅ ለወር አልቋል።

በዚህ ላይ ጦርነት። በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ መጨረሻ በዳባት ወረዳ ጭና የደረሰውን እልቂት አንባቢ አይረሳም። ያ ቁስል ሳይሽር በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ክልሉ ሌላ ውጊያ ውስጥ ገባ። መንገድ ሲዘጋ መጀመሪያ የሚቀረው የሕፃን መድኃኒት ነው። ጥይትማ መንገዱ ተዘግቶም ይደርሳል።

አሁን ብዙ ሰው ወደማያውቀው ነገር ልለፍ፤ በበኩሌ ትልቁ ይኼ ነው።

የአማራ ክልል ልጆች አንቲባዮቲክ የሚወስዱት ከመድኃኒት ቤት ብቻ አይደለም፤ በዘመቻም ነው። ትራኮማ ዓይናችንን ሲያጠፋ የኖረ በሽታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ባበቃው አገራዊ ጥናት ከአንድ እስከ ዘጠኝ ዓመት ከሆኑት የኢትዮጵያ ልጆች 40 በመቶ ገደማ፣ በአማራ ክልል ደግሞ ከ60 በመቶ በላይ፣ ትራኮማ ተገኝቶባቸዋል። ስለዚህ የክልሉ ጤና ቢሮ ከካርተር ማዕከልና ከላየንስ ክለብ ጋር ሆኖ፣ ፋይዘር የተባለው ኩባንያ በነፃ የሚሰጠውን አዚትሮማይሲን ለሕዝቡ በሙሉ ማደል ጀመረ። እ.ኤ.አ. ከ2008 ወዲህ የሳምንት ዘመቻ ሆነ። እዚህ ላይ ሚዛን የለም ብዬ አልከስም፤ ልጁ በእንጨት መለኪያ ቁመቱ ይለካል፣ እንዳይታነቅ ለትንንሾቹ በፈሳሽ ይሰጣል፣ ስድስት ወር ላልሞላው የቴትራሳይክሊን የዓይን ቅባት ለእናቱ ይሰጣታል። አየህ፣ ሲፈለግ ይቻላል!

ሥርጭቱ ከዓይን በላይ ነገር አመጣ። እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ምሥራቅ ጎጃም፣ ጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ ውስጥ “ታና” የሚል አጭር ስም የተሰጠው ሙከራ ተካሄደ። አንዳንዱ ጎጥ መድኃኒቱን ወዲያው አገኘ፣ ለማነጻጸሪያ የተመደበው ጎጥ ደግሞ ዓመት ጠብቆ አገኘ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2009 ሲወጣ፣ መድኃኒቱ በተሰጠበት ጎጥ ከአንድ እስከ ዘጠኝ ዓመት ያሉ ልጆች ሞት ካልተሰጠበት ግማሽ ያህል ነበር። ግማሽ! ለዓይን የተሰጠ መድኃኒት ከሞት አዳነ። ቀጥሎ እ.ኤ.አ. በ2010 ሌላው ፊቱ ወጣ። በዓመት አራት ጊዜ መድኃኒቱን በወሰዱት ጎጦች ልጆች አፍንጫ ውስጥ የተገኘው፣ መድኃኒቱን የተላመደ የሳንባ ምች ጀርም፣ በአንድ ዓመት ከ3.6 በመቶ ወደ 46.9 በመቶ ዘለለ። ሥርጭቱ ሲቆም መላመዱ እየቀነሰ እንደሚሄድ ሌላ የአገራችን ጥናት አሳይቷል፤ ግን ወዲያው ዜሮ አይገባም።

እንግዲህ ፍረዱ። ዛሬ ሞትን ይቀንሳል፣ ለነገ ጀርሙን ያሠለጥናል። ዓለም ከዚህ በኋላ ነገሩን በትልቁ ፈተነው። በኒጀር፣ በማላዊና በታንዛኒያ በዓመት ሁለት ጊዜ ለሕፃናት ተሰጥቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ውጤት የሕፃናት ሞት በ13.5 በመቶ መቀነሱን ተናገረ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 መመሪያ አወጣ፤ ለሁሉም አይሁን፣ ነገር ግን ከ1,000 ከ60 በላይ ዓመት ሳይሞላቸው ወይም ከ80 በላይ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው በሚሞቱበት አካባቢ፣ ከ1 እስከ 11 ወር ላሉ ሕፃናት መስጠት ሊታሰብ ይችላል፣ መላመዱም ክትትል ይደረግበት አለ። እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ ከኒጀር የመጣው ውጤት ጥቅሙ የሚገኘው ለጨቅላዎቹ ብቻ ሳይሆን እስከ 59 ወር ላሉት ሁሉ ሲሰጥ ነው አለ።

ከላይ የጻፍኩትን ቁጥር መልሳችሁ እዩት። 67ና 85! በ2016ቱ ቁጥር የአማራ ክልል በሁለቱም በኩል ከመስፈርቱ በላይ ነበር።

ይኼ ሁሉ እውቀት ከየት ጀመረ? ከጎጃም ልጆች አፍንጫ። በእንግሊዝኛ ታትሟል፣ ተጠቅሷል፣ ተሸልሟል ይሆናል። በአማርኛ ተጽፎ ዳባት ገበያ ላይ ሲነበብ ግን እኔ አልሰማሁም። ዳባት እኮ ለምርምር እንግዳ አይደለችም። የደምቢያ ወባ ሕዝቡን ከጨረሰ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1954 የተቋቋመው የጎንደር የጤና ኮሌጅ፣ ኋላ ዩኒቨርሲቲ የሆነው፣ ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዳባት ላይ የምርምር ማዕከል ከፍቶ ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ ማን ተሰደደ እያለ ይቆጥራል። ቆጣሪዎቹ በየቤቱ ገብተው “ልጅሽ በምን ሞተ?” ብለው እናትን ይጠይቃሉ፣ ትመልሳለች። የመለሰችውን ያህል አይመለስላትም። ለተማሪው ማዕረግ ሆነ፣ ለመምህሩ እድገት ሆነ። በአንድ ገጽ፣ በአማርኛ፣ “እናንተ ነግራችሁን ያወቅነው ይኼ ነው” ብሎ በቤተ ክርስቲያን ደጅና በገበያ ላይ ማስነበብ ምን ያህል ወጪ ነው?

መንግሥትስ? መንግሥት ሕግ አለው። በ1991 ዓ.ም. የመድኃኒት አስተዳደርና ቁጥጥር ባለሥልጣን በአዋጅ ቁጥር 176 ተቋቋመ። በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 661 ስሙ ረዘመ። በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1112 ስሙ አጠረ። ሦስት አዋጅ፣ ሦስት ማኅተም! አንቲባዮቲክ ያለ ሐኪም ማዘዣ አይሸጥም የሚለው ቃል ግን ከወረቀቱ ወርዶ እስከ ዳባት አልመጣም። ተቆጣጣሪው ሲመጣ ፈቃድ የተሰቀለበትን ግድግዳ አይቶ፣ ጊዜው ያለፈ መድኃኒት ፈትሾ ይሄዳል። ማዘዣ ተከትሎ ስንት ጠርሙስ ወጣ፣ ሳይከተል ስንት ወጣ ብሎ የሚያገላብጥ አላጋጠመኝም።

እኔ ግን ነገ ጧት መጥታችሁ መድኃኒት ቤቶቹን አሽጉ አልልም። ጤና ጣቢያው ባዶ ሆኖ መድኃኒት ቤቱ ከታሸገ ያቺ እናት ልጇን ይዛ የት ትሂድ? ያን ጊዜ የሳንባ ምች የያዘውም ይሞታል። መጀመሪያ እንክብሉ በየጤና ኬላው ሳያቋርጥ ይኑር፣ ከዚያ ሕጉ ይምጣ። እስከዚያው በየመድኃኒት ቤቱ አንድ የሕፃን ሚዛን መስቀል፣ ዱቄቱን ሻጩ ራሱ በጥብጦ እንዲሰጥ ማድረግ፣ ከጠርሙሱ ጋር ባለ መስመር የፕላስቲክ ማንኪያ ማስያዝ፣ “እስከዚህ ቀን ድረስ፣ የተረፈው ይደፋ” የሚል የአማርኛ ወረቀት መለጠፍ ምክር ቤትም አዋጅም አያስፈልገውም። አንድ ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት በአንድ ወር ሊያደርገው ይችላል።

ለክልሉ ጤና ቢሮና ለጎንደር ዩኒቨርሲቲ ግን ሦስት ጥያቄ አለኝ። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ከወጣ በኋላ የሰሜን ጎንደር ሕፃናት በመስፈርቱ ይገባሉ ወይስ አይገቡም ብላችሁ ቆጥራችኋል? በትራኮማው ዘመቻ ለዓመታት አዚትሮማይሲን ሲወስዱ ያደጉት የዳባትና የደባርቅ ልጆች አፍንጫ ውስጥ ያለው ጀርም ዛሬ ምን ያህል ተላምዷል፣ ለክታችኋል? ለክታችሁ ከሆነስ፣ ውጤቱ በየትኛው የአማርኛ ወረቀት ላይ ነው ያለው? መልሱን ላኩልን፣ ዓምዱ ክፍት ነው።